የፕሮቲን ሞዴል በማሽን ለርኒንግ መሥራትና ማጥራት፦ በአንድ የወባ መድኃኒት ዒላማ ላይ፣ ደረጃ በደረጃ

የፕሮቲን ቅርጽ መተንበይ ዛሬ ብዙ አያስቸግርም። ላፕቶፕ፣ የጉግል አካውንትና ደህና ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ማታ ጀምሮ ሳይተኛ ሞዴል በእጁ ያስገባል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከወጣው ሞዴል የቱን እናምናለን? የቱን ቆርጠን እንጥላለን? የቀረውንስ በምን እናጠራዋለን? ይህ መመሪያ ብዙ ጊዜ የሚወስደው እዚህ ላይ ነው።

ምሳሌያችን ዲኤችኤፍአር-ቲኤስ የሚባለው የፕላስሞዲየም ፋልሲፋረም ፕሮቲን ነው። ፋንሲዳርን የሚያስታውስ ሰው ከዚህ ፕሮቲን ጋር ሳያውቀው ተዋውቋል። ፋንሲዳር ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ፒሪሜታሚን ነው፤ የሚመታውም ይህንኑ ፕሮቲን ነው። ኢትዮጵያ ለፋልሲፋረም ወባ ክሎሮኪንን ትታ ወደ ፋንሲዳር የዞረችው በ1998 ነበር። በ2004 ደግሞ ፋንሲዳር ለኮአርተም ቦታውን ለቀቀ፤ ተህዋሱ ተላምዶታላ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ፕሮቲን የመረጥኩት ለመማሪያ ስለሚመች ነው። 608 አሚኖ አሲዶች አሉት። በአንድ ሰንሰለት ላይ ሁለት ኢንዛይሞች ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ረጅምና ልል ማያያዣ አለ። የሚሠራው ሁለት ቅጂ ተጣምሮ ነው። መድኃኒት ይይዛል፣ በለውጥ (በሚውቴሽን፣ ማለትም አንዱ አሚኖ አሲድ በሌላ ሲተካ) ምክንያት መድኃኒቱን ይገፋል። በሙከራ የተለካ መዋቅርም አለው። ማሽን ለርኒንግ የሚያምርበትም የሚሳሳትበትም ቦታ አንድ ላይ ተገኘ ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ የተለካ መዋቅር ፈልጉ

ሰው አስቀድሞ የለካውን ነገር መተንበይ ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፒዲቢ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የመዋቅር ማከማቻ ግቡና ፕሮቲናችሁን በስሙ ፈልጉ። የኛ ፕሮቲን መዋቅር በታይላንድ ተመራማሪዎች መሪነት በ2003 ታትሟል። ሦስት ፋይሎች ያስፈልጉናል። 1ጄ3አይ ያልተለወጠው ፕሮቲን ነው። 1ጄ3ጄ ሁለት ለውጥ ያለበት፣ ፒሪሜታሚን የያዘ ነው። 1ጄ3ኬ አራት ለውጥ ያለበት ነው። ስትፈልጉ ፊደሎቹን በላቲን ጻፏቸው።

«ታዲያ ከተለካ ለምን እንተነብያለን?» ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ መዋቅሩ የተለካው ፕሮቲኑን ክሪስታል አድርጎ ነው፤ ክሪስታል ውስጥ የሚወዛወዙ ክፍሎች አይታዩም፤ የተለኩት ፋይሎችም ክፍተት አላቸው። ሁለተኛ፣ መልሱ የሚታወቅ ጥያቄ ላይ ካልተለማመዳችሁ፣ መልሱ የማይታወቀው ላይ ፕሮግራሙ ሲያታልላችሁ አትነቁም።

ደረጃ 2፦ ቅደም ተከተሉን አውርዱ፣ ከዚያ አንብቡት

ዩኒፕሮት በሚባለው የፕሮቲን መዝገብ ላይ የፕሮቲኑ መለያ ፒ13922 ነው። ፋስታ የሚለውን ስትጫኑ የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ይወርዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ከየትኛው ዝርያ እንደተወሰደ ተመልከቱ። ይህ መለያ የተመዘገበው ኬ1 በሚባል ከታይላንድ በመጣ ዝርያ ስም ነው፤ ኬ1 ደግሞ ፒሪሜታሚንን በመቋቋም የሚታወቅ ነው። ስለዚህ «መደበኛው ይሄ ነው» ብላችሁ አትቀበሉ። አራት ቦታዎችን ቆጥራችሁ አጣሩ። ያልተለወጠው ፕሮቲን በ51ኛው ቦታ አስፓራጂን፣ በ59ኛው ሲስቴይን፣ በ108ኛው ሴሪን፣ በ164ኛው አይሶሉሲን ነው ያለው። የተለየ ካገኛችሁ የምትፈልጉትን ዝርያ ራሳችሁ አስተካክላችሁ አስቀምጡ፤ የፋይሉ ስም ላይም ጻፉት።

ደረጃ 3፦ ሞዴሉን አስወጡ

ሁለት መንገድ አለ።

አጭሩ መንገድ የአልፋፎልድ ዳታቤዝ ነው፤ አልፋፎልድ ከቅደም ተከተል ተነስቶ የፕሮቲን ቅርጽ የሚተነብይ የማሽን ለርኒንግ ፕሮግራም ነው። በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ሞዴሎች ስለተጫኑበት የምትፈልጉት ፕሮቲን ተሠርቶ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። የመዋቅሩን ፋይል አውርዱ። ፒኤኢ የሚባለውን የስህተት ግምት ፋይልም አብራችሁ አውርዱ፤ ኋላ ላይ ሳታገኙት ትቸገራላችሁ። ግን ዳታቤዙ የሚሰጣችሁ በአብዛኛው አንድ ሰንሰለት ብቻ ነው። ጥንድ ብዙ ጊዜ የለም፣ መድኃኒት የለም፣ የናንተ ለውጥ የለም።

ሁለተኛው ኮላብፎልድ ነው። የአልፋፎልድ 2ን ፕሮግራም በጉግል ኮላብ ላይ በነጻ ያስኬድላችኋል። ከባዱን ሥራ፣ ማለትም የፕሮቲኑን ዘመዶች (ቅደም ተከተላቸው የሚመሳሰል ፕሮቲኖችን) ከግዙፍ መዝገብ ፈልጎ መደርደሩን፣ የራሳቸው ሰርቨር ይሠራዋል። እናንተ የምትሞሉት ይህን ያህል ነው፦

ቅደም ተከተሉን በሳጥኑ ውስጥ ለጥፉ። ጥንድ ከፈለጋችሁ ያንኑ ቅደም ተከተል ሁለት ጊዜ ጽፋችሁ በመካከል ሁለት ነጥብ አስገቡ። እዚህ ላይ አንድ የኛ ብቻ የሆነ ወጥመድ አለ። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ከሆነ የሚወጣው የግዕዙ ሁለት ነጥብ ነው። ለዓይን ከላቲኑ ጋር አንድ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ምልክት ነው። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ።

ቴምፕሌት የሚለውን መጀመሪያ ላይ አጥፉት። ፕሮግራሙ የተለካውን መዋቅር አይቶ እንዳይገለብጥ ነው። ይህም ቢሆን ፈተናውን ንጹሕ አያደርገውም፤ አልፋፎልድ 2 የሠለጠነው እስከ 2018 ሚያዝያ ወር መጨረሻ ድረስ ፒዲቢ ላይ በወጡ መዋቅሮች ነው፣ የኛ ፕሮቲን ደግሞ በ2003 ወጥቷል። ስለዚህ ሞዴሉ ከ1ጄ3አይ ጋር ቢገጥም አትደነቁ። መልሱን አስቀድሞ ያየ ተፈታኝ ነው።

አምስቱም ሞዴሎች ይውጡ፣ ሲድ የሚለውን (ሙከራው በየጊዜው ከተለየ የዘፈቀደ መነሻ እንዲጀምር የሚያደርገውን) ቁጥር ደግሞ ከአንድ በላይ አድርጉት። የተለያዩ ሙከራዎች አንድ ዓይነት ቅርጽ ከሰጡ ጥሩ ምልክት ነው። ውጤቱን በቀጥታ ወደ ጉግል ድራይቭ እንዲያስቀምጥ የሚያደርገውን ሳጥንም ምረጡ። መብራት ወይም ኔትወርክ በሄደ ቁጥር ከዜሮ መጀመር ያማርራል።

ነጻው ጂፒዩ (ኮላብ የሚያውሳችሁ የስሌት ካርድ) 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ካለው ወደ 2000 አሚኖ አሲድ ገደማ ይችላል። የኛ ጥንድ 1216 ስለሆነ ይገባል። ማያያዣው ሳይኖር ሁለቱን ኢንዛይሞች ለየብቻ ማስኬድም ይቻላል። መጀመሪያ ግን ሙሉውን ሞክሩ።

ደረጃ 4፦ የእምነት ቁጥሮቹን አንብቡ

ካይመራኤክስ የሚባለውን የመዋቅር ማያ ፕሮግራም ጫኑ፤ ለትምህርትና ለምርምር ነጻ ነው። ሞዴሉን ክፈቱና በእምነት ቁጥር አቅልሙት። ቁጥሩ ፒኤልዲዲቲ ይባላል፣ ከ0 እስከ 100 ይሄዳል። ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ለብቻው ይሰጣል። ከ90 በላይ ደማቅ ሰማያዊ ሲሆን የጎን ሰንሰለቶቹም (ከዋናው ሰንሰለት ወደ ጎን የወጡት የአሚኖ አሲዶቹ ክፍሎች) ጭምር ብዙውን ጊዜ ያስኬዳሉ። ከ70 እስከ 90 ቀለል ያለ ሰማያዊ ነው፤ የዋናው ሰንሰለት አካሄድ ይታመናል። ከ50 እስከ 70 ቢጫ፣ ከ50 በታች ብርቱካናማ ነው። ብርቱካናማውን እንደ ቅርጽ አትዩት። ፕሮግራሙ «እዚህ የምለው የለኝም» እያለ ነው፤ ብዙ ጊዜም ክፍሉ በተፈጥሮው ልል መሆኑን ያመለክታል።

በኛ ፕሮቲን ላይ ዓይናችሁን መጀመሪያ ማያያዣው ላይ ጣሉ። የወባ ተህዋስ ፕሮቲኖች ሌሎች ዘመዶቻቸው ላይ የሌሉ የተሰካኩ ቁርጥራጮች ያበዛሉ። ለነዚህ የሚደረደር ዘመድ ስለሚጠፋ ፕሮግራሙ ይደናበራል። ስለዚህ መሃል ላይ ቁጥሩ ቢወርድ ፕሮግራሙ ተበላሸ ማለት አይደለም። የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው፤ ልል መሆን ያለበት ቦታ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ካያችሁ ጠይቁ።

ፒኤልዲዲቲ የማይመልሰው ትልቅ ጥያቄ አለ። ሁለት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ትክክል ሆነው፣ አንዱ ከሌላው አንጻር የተቀመጡበት ቦታ ግን ፈጽሞ ስህተት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚነግራችሁ ፒኤኢ ነው። ካሬ ሥዕል ነው፤ በአግድምም በቁመትም የአሚኖ አሲዶቹ ቁጥር አለ። እያንዳንዱ ነጥብ «ይህ ከዚያ አንጻር ያለበትን ቦታ ስንት አንግስትሮም (የናኖሜትር አንድ አሥረኛ) ልስት እችላለሁ?» ለሚለው መልስ ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ጥሩ ነው፤ 30 አካባቢ ሲደርስ አያውቅም ማለት ነው። ቀለሙ ያሳስታል፤ ዳታቤዙ ላይ ጥሩው ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ኮላብፎልድ ላይ ጥሩው ሰማያዊ ነው። ቀለሙን ሳይሆን በጎን ያለውን መለኪያ እዩ።

ጥንዱን ካስኬዳችሁ አይፒቲኤም የሚባል ሌላ ቁጥር ይመጣል። ከ0.8 በላይ ከሆነ የሁለቱ ሰንሰለቶች አገጣጠም ይታመናል። ከ0.6 በታች ከሆነ ተዉት። በመካከል ያለው ያጠራጥራል፤ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል።

አሁን 1ጄ3አይን ክፈቱና ሁለቱን አነባብሩ። ካይመራኤክስ ከታች ሁለት የልዩነት ቁጥር ይጽፋል። የመጀመሪያው በደንብ የገጠሙትን አተሞች ብቻ መርጦ ያሰላው ነው፤ ሁልጊዜ ያማረ ይመስላል። ሁለተኛው የሁሉንም ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ወስዶ ሪፖርቱ ላይ ይለጥፋል። ሁለቱንም ጻፉ።

ደረጃ 5፦ ቁረጡ

ማጥራት የሚጀምረው ከመቁረጥ ነው። ፒኤልዲዲቲው ከ70 በታች የሆነውን አውጡ። በክፍሎቹ መካከል ያለው ፒኤኢ ከፍ ያለ ከሆነ የቀረውን በየዶሜኑ (ራሱን ችሎ በሚታጠፍ የፕሮቲን ክፍል) ከፋፍሉት። ፊኒክስ የሚባለው የሶፍትዌር ጥቅል የተተነበየ ሞዴል የሚያዘጋጅ መሣሪያ አለው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሠራዋል።

መሣሪያው ሌላም የማይታይ ሥራ ይሠራል፤ ይህን ማወቅ ብዙ ራስ ምታት ያድናል። የመዋቅር ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ አተም ቢ-ፋክተር የሚጻፍበት ዓምድ አለ። በሙከራ ፋይል ላይ ቢ-ፋክተር ከፍ ካለ አተሙ ይወዛወዛል፣ ቦታው አይታመንም ማለት ነው። አልፋፎልድ ግን ፒኤልዲዲቲን የሚጽፈው እዚያው ዓምድ ላይ ነው፤ እዚህ ደግሞ ከፍ ያለው ጥሩ ነው። ፋይሉን ሳትቀይሩ ለማጥሪያ ፕሮግራም ከሰጣችሁት ምርጡን ክፍል እንደ መጥፎ፣ መጥፎውን እንደ ምርጥ ይወስደዋል። ስህተት የሚል መልእክትም አይወጣም። ዝም ብሎ የተበላሸ ውጤት ይሰጣችኋል።

ደረጃ 6፦ ሪላክስ፣ እና ገደቡ

ኮላብፎልድ ላይ ሪላክስ የሚል ምርጫ አለ። አምበር በሚባል የኃይል ስሌት አተሞቹን በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል። የተጋጩትን ያላቅቃል፣ የተጣመሙ ቦንዶችን ያቃናል። ልብስ እንደ መተኮስ ነው፤ ጭምድዱን ያስለቅቃል እንጂ የተበላሸ ስፌት አያስተካክልም። ለምርጡ ሞዴል ብቻ አንድ ጊዜ ማስኬድ ይበቃል።

ከዚያ የሞዴልን ጥራት የሚፈትሸውን ሞልፕሮቢቲን አስኪዱ። ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ የአተም ግጭት፣ የራማቻንድራን ሥዕል (የዋናው ሰንሰለት መጠማዘዣ ማዕዘኖች የሚታዩበት)፣ የጎን ሰንሰለት አቀማመጥ። በራማቻንድራን ላይ ከ98 በመቶ በላይ በተለመደው ክልል ውስጥ መሆን አለበት፤ ከክልል የወጣው ደግሞ ከ0.2 በመቶ መብለጥ የለበትም። ግን እነዚህ ቁጥሮች ስላማሩ ሞዴሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። አልፋፎልድ ያማረ ስህተት የመሥራት ችሎታ አለው።

የሙከራ መረጃ ከሌላችሁ ማጥራቱ እዚህ ያበቃል። ረጅም የሞለኪውል ዳይናሚክስ (የአተሞችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የማስመሰል ስሌት) አስኪዶ «አሻሻልኩት» ማለት ፈታኝ ፍላጎት ነው። አትሸነፉለት። ካስፕ የሚባለው የትንበያ ውድድር ለብዙ ዓመታት የማጥራት ምድብ ነበረው፤ አልፋፎልድ 2 በ2020 ከገባ በኋላ በ2022ቱ ዙር ምድቡ ቀረ። ጥሩ ሞዴል ያለ መረጃ ሲነካካ የመሻሻሉን ያህል የመበላሸት ዕድልም አለው።

ደረጃ 7፦ ዳኛው መረጃው ነው

የኤክስሬይ (ከክሪስታል የተለካ) ወይም የክራዮ-ኢኤም (በበረዶ ከደረቀ ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሳ) መረጃ ካላችሁ እውነተኛው ማጥራት አሁን ይጀምራል። መረጃ የሌለው ሰው ከፊኒክስ ጋር የሚመጡትን የመለማመጃ ፋይሎች ይጠቀም።

ለኤክስሬይ፣ የቆረጣችሁትን ሞዴል ፌዘር ለሚባለው ፕሮግራም ስጡ። ሞዴሉን በክሪስታሉ ውስጥ ትክክለኛ ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። ቲኤፍዜድ የሚባለው ቁጥር ከ8 በላይ ከወጣ ቦታውን አግኝቷል ማለት ይቻላል። ካልወጣ ወደ ደረጃ 5 ተመልሳችሁ ዶሜኖቹን ለያዩና አንድ በአንድ አስገቡ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የዶሜኖቹ አንጻራዊ አቀማመጥ ነው።

ለክራዮ-ኢኤም ደግሞ ሞዴሉን በካርታው (ከሙከራው በወጣው፣ አተሞቹ ያሉበትን በሚያሳየው የጥግግት ሥዕል) ውስጥ አስቀምጡና አይሶልዲን ክፈቱ። ካይመራኤክስ ውስጥ የሚሠራ ነው። የተሳሳተውን ሉፕ በማውስ ይዛችሁ ወደ ካርታው ስትጎትቱት ፊዚክሱ በዚያው ቅጽበት ይሰላል። ፒኤኢን ተጠቅሞ የሚታመነውን ክፍል አጥብቆ ይይዛል፣ የማይታመነውን ይለቃል። ደካማ ኮምፒውተር ያለው ሰው ኩት በሚባለው ፕሮግራም ይሥራ፤ አድካሚ ቢሆንም ግቡ ላይ ያደርሳል።

ከዚያ የፊኒክስን የማጥሪያ ፕሮግራም አስኪዱ፣ ካርታውን እዩ፣ በእጅ አርሙ፣ እንደገና አስኪዱ። ዓይናችሁ አር-ፍሪ ላይ ይሁን፤ ሞዴሉ ተለይቶ ከተቀመጠው የኤክስሬይ መረጃ ጋር ምን ያህል እንደማይገጥም የሚለካ ቁጥር ነው። ከመረጃው ከ5 እስከ 10 በመቶው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ማጥራቱ አይነካውም። አር-ወርክ (በቀረው መረጃ ላይ የሚሰላው ተመሳሳይ ቁጥር) እየወረደ አር-ፍሪ ከቆመ ወይም ከወጣ፣ ሞዴሉን ከጫጫታው ጋር እያስማማችሁት ነው። ኋላ ተመለሱ።

አንድ ያማረ ዘዴ ልጨምር። በካርታው ያረማችሁትን ሞዴል መልሳችሁ ለአልፋፎልድ እንደ ቴምፕሌት ስጡት። በ2022 የታተመ ሥራ እንዳሳየው አዲሱ ትንበያ እናንተ ያልነካችሁት ቦታ ላይ ጭምር ሊሻሻል ይችላል። ፊኒክስ ይህን ዙር በራሱ የሚያስኬድ መሣሪያ አለው።

ደረጃ 8፦ መድኃኒቱና ለውጡ

አልፋፎልድ 2 መድኃኒት አያስቀምጥም። ፒሪሜታሚንን ከፕሮቲኑ ጋር አብሮ ለመተንበይ ቦልዝ ወይም ቻይ-1 የሚባሉት የትንበያ ፕሮግራሞች ይሻላሉ። የአልፋፎልድ 3 ነጻ ሰርቨር የሚቀበለው የተወሰነ የሞለኪውል ዝርዝር ብቻ ነው። የመድኃኒቱን ስማይልስ፣ ማለትም በፊደል የተጻፈ ቀመሩን፣ ፐብኬም ከሚባለው የኬሚካሎች መዝገብ ቅዱ። ኤንኤዲፒኤችንም አብራችሁ አስገቡ፤ ኢንዛይሙ ከሱ ጋር ነው የሚሠራው።

ውጤቱን ከ1ጄ3ጄ ጋር አነባብሩና ሁለት ቦታ ላይ አጉሉ። የመጀመሪያው 54ኛው አስፓርቴት ነው፤ የመድኃኒቱን ናይትሮጅኖች የሚይዘው እሱ ነው። ሁለተኛው 108ኛው ነው። ሴሪን የነበረው አስፓራጂን ሲሆን የጎን ሰንሰለቱ ይረዝማል። በፒሪሜታሚን ጫፍ ያለውን የክሎሪን አተም ይጋፋዋል። ርቀቱን ለኩት። መላመድ የሚባለው ነገር በአንግስትሮም ሲለካ ይሄ ነው። አሁን 1ጄ3ኬን ክፈቱ። እዚያ ያለው ደብሊውአር99210 የሚባል ሌላ ሞለኪውል ነው። መሃሉ ተጣጣፊ ስለሆነ ከ108ኛው ጋር ሳይጋጭ ጎንበስ ብሎ ያልፋል።

አሁን ትልቁ ማስጠንቀቂያ። ለውጡን አስገብታችሁ አልፋፎልድን ብታስኬዱ ከሞላ ጎደል ያው ቅርጽ ይወጣል። ፒኤልዲዲቲው ትንሽ ቢወርድ ወይም ቢወጣ «ፕሮቲኑ ተዳከመ» ወይም «ጠነከረ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ቁጥሩ ለዚያ አልተሠራም። መድኃኒት የሚያስቀምጡትንም ፈትኗቸው። በመያዣው ኪስ ዙሪያ ያሉትን አሚኖ አሲዶች ሆን ብላችሁ በትልቁ በፌኒልአላኒን ቀይሩና እንደገና አስኪዱ። ኪሱ ተደፍኖ እያለ መድኃኒቱን እዚያው ከጎለተው፣ የሚያሰላው ግጭቱን አይደለም፣ ያየውን እያስታወሰ ነው። የምርምር ቡድኖች ይህን ዓይነት ፈተና አድርገው ፕሮግራሞቹ ሲወድቁ አሳይተዋል።

ደረጃ 9፦ መዝግቡና አስቀምጡ

የፕሮግራሙን ስሪት፣ የሲድ ቁጥሩን፣ ቴምፕሌት መኖር አለመኖሩን፣ የቆረጣችሁበትን ወሰንና ቅደም ተከተሉን በአንድ ፋይል ጻፉ። ፒኤኢውን ከሞዴሉ አትለዩት። በሙከራ መረጃ ያጠራችሁት ሞዴል ከመረጃው ጋር ወደ ፒዲቢ ይገባል። በትንበያ ብቻ የተሠራውን ፒዲቢ አይቀበልም፤ ለሱ ሞዴልአርካይቭ የሚባል ማከማቻ አለ። እዚያ ስታስገቡ የቆረጣችሁትን ብቻ ሳይሆን ሙሉውንም ጫኑ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሌላ ቦታ ላይ መቁረጥ ይፈልግ ይሆናል።